ልጃችን ሊወለድ ነው፤ ደስታውን በዝርዝር የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ

መጪው አባት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት እሠራለሁ። ባለቤቴ የበኩር ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሐኪሞቹ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠብቁ ብለውናል።

ዜናውን የሰማ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለሚቀርብኝ ነገር ነው። ባልደረቦቼ «አሁን ተኝተህ ጥገብ» ይሉኛል። መስኮቴ ጋ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ የዳይፐርና የዱቄት ወተት ዋጋ እየጠሩ ያስጠነቅቁኛል። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ደስታው ግን ሌላ ነው» ብለው ገንዘባቸውን ቆጥረው ይሄዳሉ። ምኑ ነው ሌላ? መቼ ይመጣል? ምን ይመስላል? ይህን ቆም ብሎ የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም።

ሌላም ነገር አለ። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከይርጋለም ይመጣሉ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። እኛ ባደግንበት ልማድ ወንድ ከአራስ ክፍል ራቅ ይላል፤ አባቴም እኔን ያቀፈኝ አንገቴ ከጠና በኋላ እንደሆነ እናቴ ትናገራለች። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው መሆን እፈልጋለሁ። ለአባት የሚሆን ቦታ አለ ወይ? የወለዳችሁ ሁሉ፣ በተለይ አባቶች፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ እኔ የምፈልገው ትንሹን ነው።


አናጢው፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ፈጣሪ በሰላም ይገላግላት።

እኔ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። ሴት ልጃችን የተወለደችው በዚህ ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ስለዚህ የምነግርህ ገና ያልበረደ ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣቱም ወጪውም እውነት ነው። ስለ እሱ በቂ ሰው ነግሮሃል፤ እኔ አልጨምርበትም።

ከቦታው ልጀምር፤ ምክንያቱም ለእኔ ደስታው የገባው በዚያ በኩል ነው። የእኔ አማት የመጡት ከአለታ ወንዶ ነው። በገቡበት ቀን ቤቱን ሙሉ በሙሉ የተረከቡ፣ ብርቱ እናት ናቸው። የመጀመሪያው ማታ በሩ ላይ ቆሜ «እማማ፣ ምን ልሥራ?» አልኋቸው። ትንሽ አዩኝና የሽንት ጨርቁን ሳፋ አስረከቡኝ። አጠብሁ፣ አሰጣሁ፣ ሲደርቅ አጥፌ ወደ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ሥራ ይዞ ለሚገባ ሰው በሩ አይዘጋም። እንዲህ እያልሁ ከበር ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋው ጠርዝ ደረስሁ።

እትብቷ እስኪወድቅ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር የሚያጸዷት። ከወደቀ በኋላ ሳፋው ተዘጋጀ፤ እኔም «ዛሬ እኔ ልጠባት፣ ያስተምሩኝ» አልሁ። አማቴ እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት። የአናጢ እጅ ነው፤ መዳፌን መጋዝና መላጊያ ያደረቁት ነው። እስከ ክርኔ በሳሙና አስታጠቡኝ፣ ከዚያ ቫዝሊን አምጥተው መዳፌን ራሳቸው አሹልኝ። እየደጋገሙ አሹት። ከዚያ ልጅቷን በግራ ክንዴ ላይ አጋደሙልኝ። አንገቷን በየትኛው ጣት እንደምደግፍ፣ የውሃውን ሙቀት በክርኔ እንዴት እንደምለካ፣ ከጆሮዋ ኋላና ከአንገቷ ሥር የሚታጠፈውን ቆዳ እንዴት እየገለጥሁ እንደማጸዳ አሳዩኝ።

ውሃው እግሯን ሲነካት ደንግጣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ሆዷ ጋ ሲደርስ ግን የተጨበጡት ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ፣ የተቋጠረው ግንባሯ ተዘረጋ፣ ዓይኗን ከፍታ ዝም ብላ አየችኝ። «መቼ ይመጣል» ብለሃልና፣ ለእኔ የመጣው በዚያች ሳፋ ላይ ነው። በወሊዱ ሰዓት የሞላኝ ፍርሃትና ምስጋና ነበር። ያ የሻከረ እጅ ላይ ሆና ስትረጋጋ የተሰማኝ ግን ንጹሕ ደስታ ነበር፤ ጉልበቴ እስኪዝል ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የማወቅ ደስታ ነው። ልጄ ከማዛጋቷ በፊት ግራ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች። ስትራብ ወዲያው አታለቅስም፤ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች፣ ቀጥሎ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ለቅሶው የሚመጣው ይህን ሁሉ አይተን ዝም ካልናት ብቻ ነው። ጠግባ ከተኛች በኋላም ከንፈሯ መጥባቱን ይቀጥላል። የባጃጅ ጥሩምባ አይቀሰቅሳትም፤ ማንኪያ ወለል ላይ ሲወድቅ ግን ትባንናለች። ዓምና በዚህ ጊዜ በዓለም ላይ ያልነበረች ሰው ዛሬ የራሷ ጠባይ አላት፤ ያንን ጠባይ ከማንም ቀድመን ያወቅነው እኔና እናቷ ነን። ጠያቂ ሲመጣ አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ይከራከራል። የእኛ ወገን ለእኛ፣ የእነሱ ወገን ለእነሱ ይወስደዋል። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ የቅንድቡን ነገር አላየ ሰው ገና አላወቃትም።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ባለቤቴ አጥብታ ትሰጠኛለች፤ እኔ አስገስቼ ደረቴ ላይ ይዣት እቀመጣለሁ፣ እናትየዋ ያለ ስጋት ትተኛለች። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት፤ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ከገብርኤል በኩል የካህናቱ ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ አዛኑ ይሰማል። ከዚያ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ሊያመጡ የሚወርዱ ሰዎች በብስክሌት ያልፋሉ። ሲነጋ የታቦር ተራራ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ብቅ ይላል። እኔም የዕለቱን ሥራ እነግራታለሁ፤ የማን በር ዛሬ እንደሚገጠም፣ ማን ቀብድ ከፍሎ እንደጠፋ፣ የዋንዛ ጣውላ ከግራቪሊያ በምን እንደሚሻል። ድምፄን ታውቃለች። መናገር ስጀምር መንፈራገጧን ታቆማለች፤ ስጨርስ ትቀጥላለች።

አሁን ስለ አባቴ ልንገርህ። አንተም አባትህን ስላነሣህ ነው። አባቴ የሚኖረው ዲላ ነው፤ በስልክ ብዙ ማውራት የማይወድ ሰው ነው። «ሰላም ነህ? ሥራ እንዴት ነው? በል ደህና ሁን» ብሎ የሚዘጋ። ልጄ ከተወለደች ወዲህ በየማታው ከዜና በኋላ ይደውላል። ስለ ሥራዬ አይጠይቅም። «ስልኩን አስጠጋልኝ» ይላል። አፍንጫዋ አጠገብ አደርገዋለሁ፤ እሱም እዚያ ማዶ ሆኖ ትንፋሿን ያዳምጣል። አንዳንድ ማታ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የእኔ ክንድ እስኪደክም። ከዚያ «በቃ፣ እንዳይሞቃት አንሣው» ብሎ ይዘጋል። በልጅነቴ አቅፎኝ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ግን ሳልጠይቀው «አንተም ስትተኛ አፍንጫህ ትንሽ ያፏጭ ነበር፤ እንዳትነቃ ራዲዮኑን አጠፋ ነበር» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ይዞት ኖሯል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለባለቤቴ ልነግራት ሞክሬ ድምፄ አልወጣልኝም።

ባለቤቴን ማየትም አለ። ልጅቷን በሲዳምኛ ታባብላታለች፣ እኔ በአማርኛ እሹሩሩ እላለሁ፤ ልጅቷ ለሁለቱም ትተኛለች። የሐይቁ ትንኝ ስላለ አጎበሩን ማታ ማታ የምንዘረጋው ለሁለት ሆነን ነው፤ ከዚያ ጠርዙን ወደ ፍራሹ ሥር እየከተትን ሁለታችንም ወደ ውስጥ እናያለን። ይህችን ሴት ከማግባቴ በፊትም አውቃታለሁ፣ እንዲህ ሆና ግን አይቻት አላውቅም።

ቦታ አለህ ወንድሜ። ሥራ ጠይቅና ግባ።


አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

የአናጢውን መልስ ደጋግሜ አነበብሁት። ከሥራዬ አንጻር የማውቀውን ልጨምር።

ድምፅህን ማስለመድ ለመጀመር ልጁ እስኪወለድ አትጠብቅ። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ያለ ጽንስ ድምፅ ይሰማል፤ ዛሬ ማታ ሆዷ አጠገብ ሆነህ አውራው። ሲወለድ ደግሞ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው። የምታጠባ እናት ፊት የሚገኘው እዚያው ርቀት ላይ ነው። ስታቅፈው ፊትህን ወደዚያ አቅርብና ጥቂት ቆይ፤ ሲመረምርህ ታየዋለህ።

እንደተወለደ ተጠርጎ በእናቱ ገላ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይይዛል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ እንገር መጣል የለበትም፤ ልጁን ከበሽታ የሚከላከለው እሱ ነው። እናትየዋ በቀዶ ሕክምና ከወለደችና ወዲያው ማቀፍ ካልቻለች፣ የአባት ደረትም ያሞቀዋል፤ ሸሚዝህን ከፍተህ «እኔ ልያዘው» ብለህ ጠይቅ። ለመታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። የዱቄት ወተት ዋጋ የሚያስፈራሩህን ሰዎች ተዋቸው፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውሃም ቅቤም አያስፈልገውም።

አንድ ቀጠሮ ለራስህ ያዝ። ሲወለድ ከሚሰጡት ክትባቶች ቀጥሎ ያለው በ6ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በ10ኛውና በ14ኛው። ሕፃናት ሰው አይተው እውነተኛ ፈገግታ ማሳየት የሚጀምሩትም ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለክትባት ስትሄዱ ከባለቤትህ ጋር አብረህ ሂድ፣ ልጁንም አንተ ያዘው። ተራ ስንጠብቅ ሳቀልኝ ብለው ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚያወሩ አባቶችን አይቻለሁ፤ ሥራዬን ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ ነው። አንድ ወጣት አባት ደግሞ ገብተህ እየው ሲባል ማንም ሳያዝዘው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህንንም ያዝ፦ ሕፃኑ መጥባት እንቢ ካለ፣ ካተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ቆዳው ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም እናትየዋ ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ጠንካራ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከያዛት፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።


አያት፣ ከአዳማ

ልጄ፣ ባለቤትህን ማርያም በሽልም ታውጣት። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ሐዋሳ የምመጣው ልጄን ላርስ ነው። የልጅ ልጄ እያነበበልኝ፣ የምለውንም እሱ እየጻፈልኝ ነው።

ወንድ አራስ ቤት አይግባ የሚባለው በክፋት አይደለም። አራስ ገላዋ ክፍት ነው፣ እንቅልፍ ያስፈልጋታል፣ ከውጭ አቧራና ብርድ ይዞ የሚገባ ሰው መብዛት የለበትም። አባት ግን ጠያቂ አይደለም። የእኔ አማች ገንፎ ማገንፋት ተምሯል። ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል፤ ዱቄቱ እንዳይቋጥር ሳያቋርጡ መምታት ነው፣ የእኔ ትከሻ ደግሞ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። እሱ ያገነፋል፣ እኔ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬ አደርግበታለሁ፤ ጎረቤቶች ሲመጡ «የማን እጅ ነው?» ይላሉ፣ የእሱ ነው እላለሁ። የግቢው የሲዳማ ጎረቤታችን ደግሞ ቡርሳሜ፣ ያ በቅቤ የሚታሸው የእንሰት ምግብ፣ በሻፌታ በሸክላ ዕቃው ይዛ መጣች፤ ቅቤው እየተንሳፈፈ። ሁለቱን አቅርበን እልልታውን አቀለጥነው። አንተም ይህ ቀን እንዳያመልጥህ ዱቄቱን ከአሁኑ አስፈጭ።

አማትህንም አስብ። እናት ልጇ ስትወልድ ያላት ደስታ ራሷ ስትወልድ ከነበራት ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ምጡም ድካሙም ነበረብኝ፣ አሁን ማቀፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ቀን ቀን ልጁን ለእሳቸው ተውላቸው። ሌሊቱን አናጢው እንዳለው አንተ ውሰድ።


መምህርት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ደስ ይላል፤ ይህንን ግን ለባለቤትህ አንብብላት።

ለእኔ ደስታው ወዲያው አልመጣም። ወንድ ልጄ ሲወለድ ሁሉም እልል አለ፤ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ማልቀስ ይመጣብኝ ነበር፣ ያለ ምክንያት። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት እንዲህ ሆድ መባስ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ካለፈ ወይም ከጠና ግን ሕክምና ያለው ነገር ነውና ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባል። ባለቤቴ ያደረገልኝ ትልቁ ነገር «ምን ጎደለሽ፣ ተመስገን በይ» አለማለቱ ነው። አጠገቤ ይቀመጣል፣ ልጁን ይይዛል፣ ፀጉሬን ያበጥርልኛል።

ደስታው የመጣው ልጁ ወደ አራት ወር ሲጠጋ ነው። እናቴ ቡና ትወቅጣለች፣ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ ልጁ ከሆዱ ሳቀ፤ ድምፅ አውጥቶ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ቆመች፤ እሱም ቆመ። እንደገና ወቀጠች፤ እንደገና ሳቀ። ቡናው ዱቄት ሆኖ ካለቀ በኋላም ባዶ ሙቀጫ ስትመታለት ቆየች። እኔም ስቄ ስቄ አለቀስሁ፣ ይኼኛው ለቅሶ ግን የተለየ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ፍቅር ሐይቅ እንወስደዋለን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ ሲሻሙ እያየ እግሩን ያወራጫል፣ እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ለባለቤትህ የምለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባይመጣላትም እናትነቷ አልጎደለም። ለእኔም የዘገየው ደስታ ከሌላው ሰው ያነሰ አልሆነም።


መጪው አባት፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ አሜን፤ ገብሱ ነገ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የመምህርቷን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብሁላት፤ ሁለተኛ አንብብልኝ አለችኝ። የአዋላጇንም ምክር ትናንት ማታ ጀመርሁ፤ ምን እንደማወራ ስለጠፋኝ የባንኩን ውሎ ነገርሁት፣ ባለቤቴም ተንቀሳቀሰ አለችኝ።

ዛሬ የሰው ኃይል ክፍላችንን ጠየቅሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው፤ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት። ሦስት ቀን በቂ ስላልሆነ ያልተጠቀምሁበትን የዓመት ፈቃድ አያይዤ ጠየቅሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ተስማምቷል።

አናጢው፣ ለልጅህ አልጋ ሠርተህላት ይሆን? እኔም ማሠራት እፈልጋለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?


አናጢው፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ

አዎ፣ ከዋንዛ ሠርቼላታለሁ። በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፤ ጭንቅላት እንዳይገባበት ነው። ፍራሹ ጠንከር ያለና ከአልጋው ጠርዝ ጋር የገጠመ ይሁን፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አታስገባበት፣ ልጁም በጀርባው ይተኛ። ቫርኒሹን ተወው፤ የእኔን በደንብ አለስልሼ ያለ ቀለም ነው የተውሁት። ለአጎበሩ አራት ቋሚዎች ካሁኑ አስገጥም፣ በኋላ መጨመር ያስቸግራል።

ሥራ ቤቴ ድረስ ና፣ እንጨቱን አብረን እንመርጣለን። ማለስለሱን አንተው ትሠራዋለህ፤ እኔ አሳይሃለሁ።